ላለማፍረስ መቁረጥ፦ የማክታኳክ ግድብና የአልማዝ ሽቦ

የአልማዝ ሽቦ መጋዝ ስሙ የገነነው በማፍረስ ነው። ዕድሜው ያለፈበት የወደብ ግንብ፣ ባሕር ውስጥ የተተከለ የመርከብ ማሰሪያ፣ ፌሮ የታጨቀበት ወፍራም የድልድይ እግር። ጃክ ሀመር የሚደክምበት፣ ደማሚት የማይፈቀድበት ቦታ ሲገኝ ይሄ ሽቦ ይጠራል። ሽቦው ይቆርጣል፣ ክሬን ያነሳል፣ ባርጅ (ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ተሸክሞ ይሄዳል።

የማክታኳክ ታሪክ ግን ሌላ ነው። እዚህ ግድብ ላይ ሽቦው ኮንክሪቱን የሚቆርጠው ኮንክሪቱ እንዲቆይ ነው። ያውም አንዴ ቆርጦ አላበቃም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየተመላለሰ ይቆርጣል። የተከፈተው ክፍተት ደግሞ ቀስ እያለ ተመልሶ ይገጥማል። ምክንያቱም ኮንክሪቱ እያበጠ ነው። (እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሽቦ መጋዝ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፍጥነቱና ንጹሕ አቆራረጡ ነው። እኔ ግን መሣሪያው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ጎልቶ የሚታየው ማክታኳክ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ልያዘው።

ወንዙና ግድቡ

ማክታኳክ ያለው በምሥራቅ ካናዳ፣ በኒው ብሩንስዊክ ክፍለ ግዛት ነው። ከዋና ከተማዋ ከፍሬደሪክተን ወንዙን ይዞ ሽቅብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢኬድ ይገኛል። ወንዙ በካርታ ላይ ሴንት ጆን ይባላል። ነባሩ ሕዝብ ግን ዎላስቶክ ይለዋል። ውብና ለጋስ ወንዝ ማለት ነው። ሕዝቡ ራሱንም የሚጠራው በወንዙ ስም ነው።

ግድቡ የተገነባው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ የክፍለ ግዛቱ መሪ ሉዊ ሮቢሾ ነበሩ። ጣቢያው በ1968 ሥራ ጀመረ። ቀሪዎቹ ተርባይኖች በየጊዜው ተጨመሩና ስድስት ሆኑ። በጠቅላላው ወደ 660 ሜጋዋት ያመነጫሉ። ባለቤቱ ኤንቢ ፓወር የሚባለው የክፍለ ግዛቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት ነው።

ለብዙ ሰው ግድቡ በዋዛ የመጣ አልነበረም። ውኃው ወደ ኋላ ሲተኛ እርሻና መንደር ዋጠ። ነባሩ ሕዝብ ሲጠቀምባቸው የኖሩ ደሴቶችና ዳርቻዎች ሰመጡ። ከመስመጥ የተረፉ ታሪካዊ ቤቶች ተነሥተው ኪንግስ ላንዲንግ በሚባል የታሪክ መንደር ተሰበሰቡ። ናካዊክ የምትባል አዲስ ከተማም ተቆረቆረች። ይህን የማነሣው ለወግ አይደለም። ከ50 ዓመት በኋላ ግድቡ ይነሣ ወይስ ይቆይ ሲባል፣ ይሄ ሁሉ ትዝታ አብሮ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። ወንዙን የዘጋው ትልቁ አካል ኮንክሪት አይደለም። ከድንጋይና ከአፈር የተሞላ፣ 55 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሙሌት ነው። ጣጣው ያለው በኮንክሪቱ ክፍል ነው። ውኃ ወደ ተርባይኖቹ የሚገባበት መዋቅር አለ። ተርባይኖቹ የተቀመጡበት የኃይል ቤት አለ። ሁለት የጎርፍ ማስተንፈሻዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ ፌሮ ያለባቸው ግዙፍ የኮንክሪት ሥራዎች ናቸው። ሲሠሩ የታሰበላቸው ዕድሜ 100 ዓመት ነበር። ማለትም እስከ 2068።

ድንጋዩ

ኮንክሪት ሲደርቅ ትንሽ ይኮማተራል። ያድጋል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። የማክታኳክ ኮንክሪት ግን አድጓል፣ ዛሬም ያድጋል።

ጥፋቱ የጠጠሩ ነው። ጠጠሩ ግሬይዋኬ ከሚባል የአካባቢው ድንጋይ የተፈጨ ነበር። ግሬይዋኬ ጠቆር ያለ፣ ጠንካራ፣ ሲያዩት እንከን የማይወጣለት ድንጋይ ነው። መሐንዲስ እጁ ላይ ይዞ ቢያገላብጠው የሚወደው ዓይነት። ግን ውስጡ ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ማዕድን) አለ፤ ይሄኛው ሲሊካ አልካሊን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነውን የሚበላ ነገር፣ አይቋቋምም።

ሲሚንቶ ውስጥ ሶዲየምና ፖታሲየም አሉ። በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው እርጥበት በእነሱ ምክንያት ኃይለኛ አልካሊ ይሆናል። ይሄ ፈሳሽ የጠጠሩን ሲሊካ ቀስ እያለ ይበላዋል። ከዚያ ሙጫ የመሰለ ጄል ይፈጠራል። ጄሉ ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል። ቦታ ሲያጣ ዙሪያውን ይገፋል። ጠጠሩ ይሰነጠቃል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ገጹ ላይ የካርታ መስመር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። ግድብ ደግሞ ውኃ አጥቶ አያውቅም። ጄሉ የሚጠጣው ሁልጊዜ አለ።

ይህ የአልካሊና የጠጠር ምላሽ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። ቶማስ ስታንተን የሚባሉ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ በ1940 አስረድተውታል። ታዲያ ከ25 ዓመት በኋላ እንዴት ተዘነጋ? መልሱ ከድንጋዩ ጠባይ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የዚያ ዘመን ምርመራዎች ጥሩ የነበሩት እንደ ኦፓል ያሉ ቶሎ የሚቆጡ ማዕድናትን ለመያዝ ነበር። ግሬይዋኬ ግን ዳተኛ ነው። ለጥቂት ወራት ሲጠበቅ ጨዋ መስሎ ያልፋል። ማንነቱን የሚያወጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ዳተኛ ድንጋይ የሚይዙ ምርመራዎች የተለመዱት ቆይቶ ነው። አንደኛው በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የዳበረው ነው። ከሲሚንቶና ከተፈጨው ድንጋይ የተሠሩ ትንንሽ ዘንጎች 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ ውስጥ ለ14 ቀን ይነከራሉ። ሌላው ካናዳውያን በጣም የሚተማመኑበት ነው። የኮንክሪት ዘንግ በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ እርጥበት ውስጥ አንድ ዓመት ይቀመጥና ርዝመቱ ይለካል። በዓመቱ ከ0.04 በመቶ በላይ ካደገ ድንጋዩ ተጠርጣሪ ነው። አንድ ዓመት መጠበቅ ረጅም ይመስላል። ማክታኳክን ያየ ሰው ግን አይመስለውም።

ሲያብጥ የሚሆነው

ከ0.04 በመቶ ምን ይመጣል የሚል ካለ እንደዚህ እናስላ። አንድ 30 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በዓመት ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ብቻ ያድጋል እንበል። 3 ሚሊ ሜትር ነው። በ40 ዓመት 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ተራ ግንብ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ይሄ ግን ተራ ግንብ አይደለም። ማሽን ታቅፏል። በተርባይን ክንፍ ጫፍና በዙሪያው ባለው የብረት ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። ኮንክሪቱ ቀለበቱን ሲጨምቀው ክቡ ሞላላ ይሆናል። ክንፉ ቀለበቱን ሊልስ ይደርሳል። የጎርፍ በሮችም እንደዚያው ናቸው። በሩ የሚንሸራተትበት ምሰሶ ጥቂት ካዘነበለ በሩ ይነክሳል። ጎርፍ በመጣ ቀን የማይከፈት በር ደግሞ ለማንም የማይመኙት ነገር ነው።

ችግሩን የሚያብሰው ኮንክሪቱ እንዳሻው ማደግ አለመቻሉ ነው። ሽቅብ ያለ ከልካይ ያድጋል። ወደ ጎን ግን ብሎኮቹ ተደርድረው ተያይዘዋል። ዳርና ዳር ደግሞ ቋጥኝ ወይም ሌላ መዋቅር ይዟቸዋል። እድገቱ መውጫ ሲያጣ ግፊት ይሆናል። ግፊቱ ደግሞ የሚወጣበትን ደካማ ቦታ ይፈልጋል። እዚህ ስንጥቅ፣ እዚያ የውኃ ፍሳሽ፣ ወዲያ የዞረ ምሰሶ።

የማክታኳክ ባለሙያዎች ምልክቶቹን ካዩና ምክንያቱ ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ አንድ የሚያሳዝን ሐቅ ተጋፈጡ። መድኃኒት የለውም። ምላሹ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ኪዩቢክ ሜትር ኮንክሪት ውስጥ፣ በያንዳንዱ ጠጠር ዙሪያ ነው ያለው። ውስጡ ገብቶ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። ማበጡን ማቆም ካልተቻለ፣ የሚያብጥበት ቦታ ይሰጠው። ወገቡ የሰፋ ሰው መቀነቱን እንደሚያላላው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ሽቦው የመጣው።

ሽቦው እንዴት ይቆርጣል

ሽቦ ድንጋይ ሲቆርጥ የኖረው ከዕብነ በረድ ጠራቢዎች ዘንድ ነው። መጀመሪያ የተገመደ ብረት በአሸዋና በውኃ ይጎተት ነበር። በ1970ዎቹ አልማዝ ያላቸው ዶቃዎች መጡ። ከዚያ በኋላ ኮንክሪት ቆራጮች ወሰዱት።

ዕቃው ሲታይ በእርግጥ መቁጠሪያ ይመስላል። መሐሉ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ላይ 10 ወይም 11 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ዶቃዎች ተሰክተዋል። ለፌሮ ኮንክሪት በሜትር 40 ገደማ ዶቃ ይገባል። ዶቃው ትንሽ የብረት ቱቦ ሲሆን ላዩ የአልማዝ ቅንጣት ከብረት ዱቄት ጋር ተጋግሮበታል። በዶቃና በዶቃ መሐል ጎማ ወይም ፕላስቲክ ይሞላል። ያ ባይኖር ከቁርጡ የሚወጣው ጭቃ ገመዱን ራሱን ይበላዋል።

ግድብ ላይ ሥራው የሚጀምረው በሽቦው አይደለም፣ በመብሻው ነው። ከላይ እስከ ታች ጉድጓድ ይበሳል። ሽቦው በዚያ ይወርድና በሌላ በኩል ይወጣል። ሊቆረጥ የታሰበውን ክፍል ከበው ጫፍና ጫፉን በመጋጠሚያ ቱቦ ያያይዙታል። ከመያያዙ በፊት ሽቦውን በሜትር አንድ ዙር ወይም ትንሽ በለጥ አድርገው ያጠማዝዙታል። ይቺ ትንሽ የምትመስል ነገር ትልቅ ናት። ካልተጠማዘዘ ዶቃው በአንድ ጎኑ ብቻ እየተበላ ይሄድና ሳያገለግል ይጣላል። አቅጣጫም አይገለበጥም። እያንዳንዱ የአልማዝ ቅንጣት ከኋላው የሚደግፈው ትንሽ የብረት ጭራ ይሠራል። ሽቦውን ገልብጦ ያስኬደ ሰው ቅንጣቱን ከነደጋፊው ይነቅለዋል።

ከዚያ ማሽኑ ይነሣል። ትልቁ መንኮራኩር ሽቦውን በሰከንድ 20 ሜትር በሚያህል ፍጥነት ይነዳዋል። ማሽኑ በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ እየሸሸ ሽቦውን ይወጥረዋል። ውኃ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ ዶቃውን ያቀዘቅዛል፣ ዱቄቱን ያጥባል። መጀመሪያ ላይ ረጋ ይባላል። ሽቦው ስለታም ማዕዘን ላይ ታጥፎ ስለሚሄድ ማዕዘኑ እስኪከብብ ድረስ ጉልበት አይሰጠውም። ፌሮ ሲያገኝ ድምፁ ይቀየራል። ልምድ ያለው ሠራተኛ በጆሮው ይለየዋል።

የጉድጓዶቹ ቀጥነት ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ጥልቅ ቁርጥ ላይ ሁለቱ ጉድጓዶች ትይዩ ሆነው መውረድ አለባቸው። አንደኛው ጥቂት ከዘመመ የሚቆረጠው ገጽ ይጣመማል። የወደብ ግንብ ሲፈርስ ይሄ ብዙም አያሳስብም። ብሎኩ ተነሥቶ ይሄዳል። ግድብ ላይ ግን ሁለቱ ገጾች ነገ ተመልሰው የሚገናኙ ናቸው። ቢገናኙም ደልደል ብለው እንጂ በአንድ ነጥብ ተነካክተው መሆን የለበትም።

ቁርጡ ራሱ ጠባብ ነው፤ ከዶቃው ውፍረት ትንሽ ይበልጣል። የሚገርመኝ ይሄ ነው። ያን የሚያህል መዋቅር እፎይ የሚለው ከጣት በማይሰፋ ክፍተት ነው።

ደማሚት ወይም መዶሻ ለምን አልተሞከረም ለሚል መልሱ ግልጽ ነው። ጣቢያው ሥራ ላይ ነው። ከቁርጡ አጠገብ ተርባይን ይሽከረከራል፣ ከጀርባ ሐይቅ ቆሟል። ንዝረት የትም አይፈለግም። ሽቦ ደግሞ ከመቁረጡ በቀር ዙሪያውን አይነካም። ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው መሣሪያ ያለ አይመስለኝም።

የታመቀ ኮንክሪት ሲቆረጥ

አሁን ከወደብ ማፍረስ ጋር የሚለያይበት ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። አንድ አሮጌ የመርከብ ማረፊያ ሲቆረጥ ኮንክሪቱ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ነው። ያም ቢሆን ብሎኩ ሽቦው ላይ እንዳይቀመጥ ሽብልቅ ይገባለታል። የማክታኳክ ኮንክሪት ግን ታምቋል። ሽቦው ገና እየቆረጠ ሳለ ከኋላው ያለው ክፍተት መጥበብ ይጀምራል። ሽቦው መሐል ላይ ቆሞ ካደረ ሊያዝ ይችላል። የተያዘ ሽቦ ደግሞ በጉልበት አይወጣም።

የተበጠሰ ሽቦ ሌላ አደጋ ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ሽቦ ሲበጠስ ይገረፋል፣ ዶቃዎቹም እንደ ጥይት ሊወረወሩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ሰው የሞተባቸው አደጋዎች በዓለም ላይ አሉ። ስለዚህ ሽቦው በሚሄድበት መስመር ፊትም ኋላም ማንም አይቆምም። ከለላ ይደረጋል። ማሽኑን የሚነዳው ሰው ከጎን ርቆ በመቆጣጠሪያ ነው የሚሠራው። ደንቡን የሚጥሱት ብዙውን ጊዜ አዲሶች አይደሉም። ለዓመታት ምንም ሳይሆኑ የሠሩና የተላመዱት ናቸው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ከሐይቁ በኩል ያለው ገጽ ደግሞ ብቻውን አይተውም። የተከፈተ ክፍተት ማለት ለውኃ የተከፈተ በር ነው። ቁርጡ ሐይቁን የሚነካበት ቦታ ላይ ውኃ የሚያግድና መዋቅሩ ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚለጠጥ ማሸጊያ ያስፈልጋል። ግትር ማሸጊያ ቢሆን ክፍተቱ ሲገጥም ይሰባበራል።

ፌሮውም አለ። ሽቦ ኮንክሪቱን ከነፌሮው ነው የሚቆርጠው። መሐንዲሱ ከመቁረጡ በፊት እያንዳንዱ ብሎክ ብቻውን ቢቀር ይቆማል ወይ ብሎ ማስላት አለበት። ውኃው ቢገፋው ይንሸራተታል? ይገለበጣል? ጥርጣሬ ካለ ከብሎኩ አናት ተነሥተው ወደ ሥሩ ቋጥኝ የሚወርዱ የተወጠሩ የብረት ገመዶች ይጨመራሉ። እንዲሁም አንድ ቦታ የተቆረጠ ቁርጥ ሌላ ቦታ ያለውን ያንቀሳቅሳል። ከመቁረጥ በፊት፣ በመቁረጥ ጊዜና ከዚያም በኋላ መለካት ግድ ነው። እንዲህ ባሉ ግድቦች ውስጥ ከቋጥኙ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጠር ቱንቢ ይተከላል። ስንጥቆች ላይ መለኪያ ይታሰራል። ቁጥሮቹ ለዓመታት ይመዘገባሉ። የትኛው ቦታ መቼ እንደሚቆረጥ የሚወስነው ያ መዝገብ ነው።

የሚወጣው ጭቃ ነገርም በዋዛ አይታይም። የኮንክሪት ዱቄት የገባበት ውኃ ኃይለኛ አልካሊ ነው። ዓሣን ይጎዳል። እንዲህ ያለ ውኃ ተሰብስቦና ተጣርቶ እንጂ ዝም ብሎ ወንዝ ውስጥ አይለቀቅም። ማክታኳክ ላይ የሳልሞን ዓሣ ነገር ከጅምሩ አብሮ የኖረ ነው። ለመራባት ሽቅብ የሚጓዘው ሳልሞን ግድቡን መውጣት ስለማይችል ከግድቡ ሥር እየተያዘ በመኪና ወደ ላይ ይወሰዳል።

ክፍተቱ ሲገጥም

ከቁርጡ በኋላ ያለው ለውጥ እውነተኛ ነው። ግፊቱ ይቀንሳል። ብሎኮቹ ወደ ክፍተቱ ይንቀሳቀሳሉ። የተጨነቀው ቦታ ፋታ ያገኛል።

ግን ጄሉ ሥራውን አላቆመም። ክፍተቱ በየዓመቱ እየጠበበ ይሄድና አንድ ቀን ሁለቱ ገጾች ይነካካሉ። ከዚያ ግፊቱ ከአዲስ ይጀምራል። ያኔ ሽቦው ተመልሶ ይመጣል። ማክታኳክ ላይ እዚያው መስመር ላይ እንደገና የተቆረጡ ክፍተቶች አሉ። እኔ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። መቁረጥ ሕክምና ነው ብሎ የተነሣ የለም። ፋታ ነው፣ እንደ ፋታነቱም በሚገባ ሠርቷል። ጣቢያው ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኃይል ሲሰጥ ቆይቷል።

ማክታኳክ በዚህ ብቻውን አይደለም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ያለው የፎንታና ግድብ በ1944 ተጠናቀቀ። 146 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በ1972 ውስጡ ትልቅ ስንጥቅ ተገኘ። በሽታው ያው ነበር። በ1976 ክፍተት ተቆረጠለት። እሱም ከዓመታት በኋላ እንደገና መቆረጥ አስፈልጎታል።

ይነሣ ወይስ ይቆይ

እየቆረጡ መኖር ግን ማለቂያ አለው። በ2010ዎቹ ኤንቢ ፓወር የኮንክሪቱ ክፍል አገልግሎት በ2030 ገደማ ሊያበቃ እንደሚችል ገመተ። ከታሰበው 40 ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ።

ሦስት መንገዶች ለሕዝብ ቀረቡ። አዲስ የኃይል ቤትና አዲስ ማስተንፈሻ ሠርቶ አሮጌውን ማውጣት። ወይም ኃይል ማመንጨቱን ትቶ ሐይቁን ብቻ ማቆየት። ወይም ሁሉንም አፍርሶ ወንዙን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ። ክርክሩ የጦፈ ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች ውኃው እንዲሄድ አልፈለጉም። የዎላስቶክ ነባር ሕዝብና ሌሎች ደግሞ ወንዙ ነጻ እንዲሆን ጠየቁ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

ሦስተኛው መንገድ ቢመረጥ ኖሮ ሽቦው የሚታወቅበትን ሥራ ይሠራ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንድ ኪዩቢክ ሜትር የፌሮ ኮንክሪት 2.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። 20 ቶን የሚያነሳ ክሬን ካለ ቁራጩ ከ8 ኪዩቢክ ሜትር አይበልጥም። የወደብ ማፍረስ የሚታቀደው እንዲህ ነው፤ ከክሬኑ አቅም ተነሥቶ ወደ ቁርጡ ይመጣል። በዚያ ላይ ውኃ ውስጥ የሚቆረጠው አለ። ጠላቂ ሽቦውን ይዘረጋል፣ ማሽኑ ከውኃው በላይ ሆኖ ይጎትተዋል። እንዲህ እያሉ አንድ የኃይል ቤትና ሁለት ማስተንፈሻ ማውጣት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ መገመት ይከብዳል።

በታኅሣሥ ወር 2016 የተወሰነው ግን ከሦስቱም ውጭ ነበር። በጥናቱ መሐል የመጣ አራተኛ መንገድ ነው። ያለውን መዋቅር እየጠገኑ፣ ማሽኑን እየቀየሩ፣ መጀመሪያ እስከታሰበው እስከ 2068 ማድረስ። ያኔ የተገመተው ወጪ ከ2.9 እስከ 3.6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር። በኋላ ግምቱ ከ7 እስከ 9 ቢሊዮን ከፍ ብሏል።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። እኔም ደንግጫለሁ። ግን አንድ ነገር አብሮ መታየት አለበት። የጠጠሩ ጠባይ በጊዜው ታውቆ ቢሆን ኖሮ ይሄ ወጪ አይመጣም ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብቻ ያለው ቦታ ቢገጥመን መፍትሔው ይታወቃል። አልካሊው ዝቅ ያለ ሲሚንቶ ይመረጣል። ከሲሚንቶው የተወሰነው ክፍል በከሰል አመድ ወይም በተፈጨ የብረት ማቅለጫ ጥቀርሻ ይተካል። ዋጋው ብዙ ልዩነት የለውም። ከሁሉም በፊት ግን ድንጋዩ ይመረመራል፣ ዓመት ይጠበቃል። የሥራ ፕሮግራም ይዘገያል ብሎ ከዚያ ምርመራ የሚሸሽ ሰው ሲገጥመኝ የማክታኳክን ነገር አነሣለታለሁ።

ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ ለሚለኝ፣ ከኮንክሪቱ በኩል ብቻ ስመልስ አዎ እላለሁ። የሚያብጥ ኮንክሪት በአንድ ቀን አይወድቅም። ከተለካና ከታየ ጊዜ ይሰጣል። የወንዙ ጥያቄ ግን በኮንክሪት ሒሳብ የሚመለስ አይደለም። ያንን የተነጠቁት ሰዎች ናቸው መናገር ያለባቸው።

እስከዚያው ጣቢያው ይሠራል። ማስተንፈሻው ይታያል፣ በሮቹ ይሞከራሉ፣ የተርባይን ቀለበቶቹ ይለካሉ። የክፍተቶቹም ስፋት እየተለካ ይመዘገባል። ጠቦ ሊገጥም የደረሰው ይለያል፣ ጉድጓዱ ይጠረጋል፣ ሽቦው ይወርዳል።